ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ላፕቶፕ

ከቤት የሚሠራ ሰው ላፕቶፕ፣ ስሙ ተንቀሳቃሽ ይሁን እንጂ ኑሮው የዴስክቶፕ ነው። ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል፤ ቻርጀሩ ዲቫይደር ላይ እንደተሰካ ይውላል፤ ማታ ክዳኑ ሲዘጋም ገመዱን የሚነቅለው የለም። ባለቤቱ ተርጓሚ ትሁን የሒሳብ ባለሙያ፣ ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር የምትሠራ ትሁን የመመረቂያ ጽሑፏን የምታገባድድ ተማሪ፣ ለባትሪው ለውጥ የለውም። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ያልፋል። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ይሄድና፣ ሲገዛ አራት ሰዓት ይይዝ የነበረው ባትሪ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሳይቆይ ማሽኑ ድርግም ይላል።

ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ባትሪን የሚጨርሰው ሥራ ነው ብለን ስለምናስብ፣ ሳይሠራ የከረመ ባትሪ ማርጀቱ ግፍ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የላፕቶፕ ባትሪ በሁለት መንገድ ያረጃል። አንደኛው በመሞላትና በመራገፍ ነው፣ ሌላው ዝም ብሎ በመቀመጥ። ተሰክቶ የሚውል ባትሪ የመጀመሪያውን ድካም እምብዛም አያውቀውም፤ በሁለተኛው ግን ቀንም ሌሊትም ይከፍላል። ክፍያውን የሚያንሩበት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጢም ብሎ ሞልቶ መቆየትና ሙቀት። ሶኬቱ ራሱ ጥፋት የለበትም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ባትሪው ታሪክ ትንሽ መለስ ማለት ይጠቅማል፤ ሕመሙም ውለታውም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ የነዳጅ ዋጋ ዓለምን ባስጨነቀበት ዘመን፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም የተባለ ኬሚስት በነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ውስጥ ሆኖ በሊቲየም የሚሠራ፣ እየተሞላ ደግሞ የሚያገለግል ባትሪ ሠራ። ቮልቱ ከሁለት ብዙም አይበልጥም ነበር። አንደኛው ወገኑ ንጹሕ የሊቲየም ብረት ስለነበረም እሳት እየተነሣ የላቦራቶሪውን ሰዎች ያስቸግር ነበር። በ1980 ኦክስፎርድ ውስጥ ጆን ጉድኢነፍ ሌላኛውን ወገን በኮባልት ኦክሳይድ ቀየረውና ቮልቱን ወደ አራት አሳደገው። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ደግሞ በ1985 አስቸጋሪውን የሊቲየም ብረት አስወጥቶ በቦታው ከነዳጅ ተረፈ ምርት የተገኘ ካርቦን አስገባ። ዮሺኖ ባትሪው መፈንዳት አለመፈንዳቱን ለማየት ከባድ ብረት ከላይ ለቀቀበት፤ ምንም አልሆነም። የሊቲየም ብረት ያለበትን ባትሪ እንደዚያው ሲያደርገው ግን ፈነዳ። ሶኒ ይህን ግኝት በ1991 ገበያ ላይ አዋለው። ሦስቱ ሰዎች የኬሚስትሪ ኖቤልን የተካፈሉት በ2019 ነው፤ ጉድኢነፍ ያኔ 97 ዓመቱ ነበር፣ ኖቤል ከተሸለሙት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ።

እኛን እዚህ የሚመለከተን ያ ወደ አራት ቮልት የተደረገው ዕድገት ነው። ላፕቶፕን ቀላል፣ ስልክን ቀጭን ያደረገው እሱ ነው። ነገር ግን ከፍ ያለ ቮልት ማለት በውስጡ ያሉት ነገሮች እርስ በርስ ለመዋሐድ የሚቸኩሉበት ሁኔታ ማለት ነው። ባትሪውን ስንሞላ የሊቲየም ቅንጣቶች ከኮባልቱ ወገን እየወጡ፣ በመሀል ያለውን ፈሳሽ አቋርጠው፣ በሌላኛው ወገን ባለው ግራፋይት ንብብር መሀል እየገቡ ይቀመጣሉ። ስንጠቀም በመጡበት ይመለሳሉ። ጆንያ ጤፍ ሲሞላ አይተው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚገባው ዝም ብሎ ይፈስሳል፤ መጨረሻ ላይ ግን ጆንያውን እያራገፉ፣ በእጅ እየተጫኑ ነው የሚያስገቡት፣ ስፌቱም ያኔ ነው የሚወጠረው። ባትሪም ከ80 በመቶ በኋላ ቀስ እያለ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተወጥሮ የሚውለውም 100 ላይ ሲቀመጥ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ የተለመደ የሊቲየም-አዮን ሴል ሲያልቅ ወደ 3 ቮልት ይወርዳል፣ ግማሽ ላይ ሲሆን 3.7 አካባቢ ይቆማል፣ ጢም ሲል 4.2 ይደርሳል፤ አንዳንድ አዳዲሶቹ ከዚያም ትንሽ ያልፋሉ። በመሀል ያለው ፈሳሽ እንደ ቤንዚን በቀላሉ የሚቀጣጠል ዓይነት ኬሚካል ነው እንጂ ውኃ አይደለም። ይህ ፈሳሽ በግራፋይቱ በኩል ገና ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ሲሞላ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ጥሩ ነው፤ ያለ እሱ ባትሪው አይቆይም። ችግሩ ማደጉን አለማቆሙ ነው። በወፈረ ቁጥር ከሊቲየሙ ይበላል፣ የተበላው ሊቲየም ደግሞ ተመልሶ ሥራ ላይ አይውልም። በኮባልቱ በኩል በከፍተኛ ቮልት ፈሳሹ ራሱ ይፈራርሳል፣ ጋዝም ይወጣዋል። ሁለቱም ሂደቶች ባትሪው ሲሞላ ይፈጥናሉ፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳሉ።

የባትሪ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ ባትሪው ምንም ሳይሠራበት አንድ ዓመት ቢቀመጥ ምን ያህል አቅም እንደሚቀረው የሚያሳይ። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሆኖ ባትሪው 40 በመቶ ብቻ ተሞልቶ ከተቀመጠ፣ ዓመቱ ሲያልቅ 96 በመቶ አቅሙ ይኖራል። ያው ባትሪ በዚያው ክፍል ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ የሚቀረው 80 ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሆን የመጀመሪያው ወደ 85፣ ሁለተኛው ወደ 65 ይወርዳል። ቁጥሮቹ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ ከኬሚካል ኬሚካል ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ እኔም ለእያንዳንዱ ባትሪ ቃል በቃል እንዲወሰዱ አልፈልግም። አካሄዳቸው ግን አይለወጥም። የመጨረሻው ቁጥር፣ ማለትም ሙሉም ሙቅም የሆነው፣ ተሰክቶ የሚውለው ላፕቶፕ ኑሮ ነው።

«የእኔ ክፍል እኮ አርባ ዲግሪ አይሞቅም» የሚል አንባቢ ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥማ ጭራሽ፤ ክረምት ላይ በጋቢ ተጠቅልለን ነው የምንሠራው። ባትሪው የሚኖረው ግን ክፍሉ ውስጥ አይደለም። ከፕሮሰሰሩ ጥቂት ጣት ርቆ፣ ከኪቦርዱ ሥር፣ በጠባብ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። ብዙ ታብ ከፍተው፣ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሆነው የላፕቶፑን ሆድ በእጅዎ ቢነኩት ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዎታል። በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያው ፋን፣ ፍጥነቱም ያው ሆኖ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ግን ያንሳል። ቅዝቃዜያችን ይክሰዋል እንጂ ፋኖቻችን ከወደብ ከተሞች ፋን በላይ ይለፋሉ። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለሚኖር ሰው፣ ዱባይና ሪያድ ላሉትም ወገኖቻችን፣ ይህን ሁሉ ማብራሪያ መስጠት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሳያወጡ፣ ሴቲንግ ሳይነካኩ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ማቀዝቀዝ ነው። ላፕቶፕ ፍራሽ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ ጭን ላይ በተዘረጋ ጋቢ ላይ አይቀመጥ፤ የአየር መሳቢያው አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ነውና ጨርቁ አፉን ይደፍነዋል። ከኋላ ጠርዙ ሥር ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ማስገባት ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ጠረጴዛ ያላቸው ሰዎች ጠረጴዛውን ቢያዞሩት ይሻላቸዋል። አቧራ ደግሞ የከተማችን ቋሚ ነዋሪ ስለሆነ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ማጓራት ሲጀምር ከፍቶ የሚያጸዳ ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ነው። ክዳኑን ዘግቶ ሥራ ላይ እንዳለ ቦርሳ ውስጥ መክተት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያልተኛ ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ራሱን ይቀቅላል።

አሁን ወደ መሙላቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው «ከልክ በላይ እንዳይሞላ» ነው። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። 100 ሲደርስ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ መሙላቱን ያቆማል፤ ማሽኑም የሚሠራው ከቻርጀሩ በቀጥታ በሚመጣው ኃይል ነው። ባትሪው በራሱ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ብዙዎቹ ማሽኖች 95 አካባቢ እስኪደርስ ጠብቀው መልሰው ይሞሉታል። እንግዲህ ማንም ከልክ በላይ አይሞላውም። ጉዳቱ ያለው ልኩ ራሱ ከፍተኛ መሆኑ ላይ ነው፤ ባትሪው 4.2 ቮልት ላይ ተወጥሮ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እየተቀበለ፣ ሳምንት ከሳምንት ይቀመጣል።

ሌሎች ደግሞ ተቃራኒውን ይፈራሉ፤ በየቀኑ ነቅለው እስከ ዜሮ ያወርዱትና መልሰው ይሞሉታል። ይህ ልማድ የኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ትሩፋት ነው። ያ የድሮ ባትሪ በከፊል እየተራገፈ ሲሞላ አቅሙን የሚረሳ ይመስል ነበር፣ መድኃኒቱም ጨርሶ ማራገፍ ነበር። ሊቲየም-አዮን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። እንዲያውም በተቃራኒው፣ እስከ ታች መውረድ ያደክመዋል። አምራቾች የባትሪን ዕድሜ በዙር ይቆጥራሉ፤ አንድ ዙር ማለት በድምሩ 100 በመቶ ኃይል መጠቀም ነው፣ ዛሬ 50 ነገም 50 ቢሆን ያው አንድ ዙር ነው። አፕል ለዘመናዊ ማክቡኮቹ 1000 ዙር ያስቀምጣል፤ ብዙ ሌሎች ላፕቶፖች ከ300 እስከ 500 ባለው ይታሰባሉ። ሶኬት አጠገቡ እያለ በየቀኑ አንድ ዙር የሚያቃጥል ሰው፣ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የባትሪውን ቀለብ በከንቱ ይጨርሳል። ከሁለቱ ልማዶች አንዱን ምረጥ ብባል ሰክቶ መተውን እመርጣለሁ። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ።

ሦስተኛው መንገድ መሙላቱን 80 ላይ ማስቆም ነው። ይህን ማሽኑ ራሱ እንዲያደርገው ማዘዝ ይቻላል፣ ትእዛዙን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሌኖቮ «ቫንቴጅ» በሚለው ፕሮግራሙ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ቲንክፓድ ከሆነ ከስንት በመቶ ጀምሮ እስከ ስንት እንዲሞላ ቁጥሩን ራስዎ ይሰጡታል። ዴል ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥም በራሱ የኃይል ፕሮግራምም ያቀርበዋል፤ በአብዛኛው ተሰክቶ ለሚውል ማሽን የተዘጋጀ ምርጫም አለው። ኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖቹ ባዮስ ውስጥ የባትሪ ጤናን ከፍ አድርግ የሚል ምርጫ አለው፤ ሲመረጥ 80 ላይ ያቆመዋል። አሱስ «ማይአሱስ» ውስጥ 80 ላይ የሚያቆም ምርጫ አለው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የአጠቃቀም ልማድዎን እያየ በራሱ የሚወስን ዘዴ አስገብቷል፤ ሲፈልግ 80 ላይ ያቆመዋል፣ ሳይፈልግ ደግሞ ይሞላዋል። የምርጫዎቹ ስም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ በስም ከመፈለግ «ባትሪ» ወይም «ፓወር» የሚለው ክፍል ገብቶ መመልከት ይቀላል።

እዚህ ላይ የእኛ ገበያ አንድ ዕድል አለው። ከዱባይና ከአሜሪካ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባሉ የሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ የቢሮ ማሽኖች ናቸው፦ ቲንክፓድ፣ ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክ። የመሙያ ገደብ ደግሞ በተለይ በእነዚህ ዘንድ የተለመደ ነው። አንዳንዴም ገደቡ በቀድሞው መሥሪያ ቤት እንደተደረገ ይመጣል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ይሰካዋል፤ 80 ላይ ይቆምና «ተሰክቷል፣ እየሞላ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሰውየው ተበሳጭቶ ቻርጀር ይቀይራል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ ከሻጩ ጋር «የተበላሸ ሸጥክልኝ» ብሎ ይጣላል። ባዮስ ከፍቶ ያየ ማንም የለም። ያ ማሽን ግን እንዲያውም ከሌሎቹ በተሻለ የተያዘ ባትሪ ሊኖረው ይችላል።

መብራት የማይሄድበት አገር የተጻፈ ምክር እዚህ ላይ ያልቃል፤ 80 ላይ አድርገው፣ እርሳው። እኛ ዘንድ ግን ባትሪው ሌላም ሥራ አለበት። መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠ ጽሑፍ የሚያድነው፣ ስብሰባውን የሚያስጨርሰው እሱ ነው፤ ለዚህም ነው ድሮ ባትሪው በሚወልቅበት ዘመን «አውጥተህ በቀጥታ ተጠቀም» የሚለውን ምክር የተከተሉ ሰዎች ብዙ ሥራ የጠፋባቸው። 20 በመቶ መተው ምን ያህል ያስከፍላል? እናስላው። አንድ መካከለኛ ላፕቶፕ 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው እንበል፤ ቁጥሩ ባትሪው ላይ ተጽፏል። 80 በመቶው 40 ዋት-ሰዓት ነው። ጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ሰው ማሽን 10 ዋት ገደማ ቢፈልግ፣ ሙሉው አምስት ሰዓት፣ ገደብ የተደረገበት አራት ሰዓት ያሠራል። የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ፍላጎቱ 20 ዋት ቢደርስ ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሁለት ተኩል ወይም ሁለት። ልብ ይበሉ፣ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ሥራውን ቀድሞ የሚያቆመው የስልኩ ዳታ ወይም የስልኩ ባትሪ ነው እንጂ የላፕቶፑ አይደለም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መብራት አልፎ አልፎ ለሚሄድበትና ሲሄድም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለሚመለስበት ቤት 80 ይበቃል፤ ነገ ጥገና አለ የሚል ማስታወቂያ ሲሰማ ወይም ለመንገድ ሲታሰብ ዋዜማውን ገደቡን አንስቶ 100 መሙላት ነው። መብራት በየቀኑ ግማሽ ቀን ለሚጠፋበት ሰፈር ግን ገደቡን አልመክርም። እዚያ ባትሪው ሙሉ ቢሆን የሚያተርፈው ሰዓት፣ ከሚያጣው ዕድሜ ይበልጣል፤ ደግሞም በየቀኑ ስለሚራገፍ ጢም ብሎ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው። ገደብ የማይቀበል ርካሽ ላፕቶፕ ያለው ሰው ትዝ ሲለው 80 አካባቢ ቢነቅል፣ 40 አካባቢ ቢሰካ መልካም ነው። ትዝ ካላለው ይተወው። በየሰዓቱ እየተነሣ ቻርጀር ሲነቅልና ሲሰካ የሚውል ሰው አይቻለሁ፤ ባትሪው እሱን ያገለግላል እንጂ እሱ ባትሪውን እንዲያገለግል አልተገዛም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር ይሂድ። ለወራት ከ80 ሳያልፍ፣ ከ60 ሳይወርድ የኖረ ባትሪ ላይ የመቶኛው ቁጥር መዋሸት ይጀምራል። ማሽኑ ባትሪውን ከፍቶ ማየት ስለማይችል የቀረውን የሚገምተው ከሚገባውና ከሚወጣው ኃይል ነው፤ ሙሉና ባዶ የሆኑትን ጫፎች ካላየ ግምቱ ይዛባል። «30 በመቶ አለው» እያለ ድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ አንዱ ሰበቡ ይህ ነው። በሁለት በሦስት ወር አንዴ 100 ሞልቶ፣ ነቅሎ፣ በሥራ እስከ ታች አውርዶ፣ መልሶ መሙላት ቆጣሪውን ያስተካክለዋል። ባትሪውን የሚያድሰው ግን አይደለም፤ የሚታረመው ቆጣሪው ብቻ ነው።

እውነተኛውን አቅም ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ዊንዶውስ አንድ ሪፖርት ያዘጋጃል፤ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ «ባትሪሪፖርት» ብሎ መጻፍ ነው። በሚወጣው ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፦ ባትሪው ሲሠራ የታሰበለት አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 31,000 ከሆነ የቀረው 62 በመቶ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት ይህን ሪፖርት ያውጡ፤ ስክሪኑን ከማድነቅ ይልቅ ዋጋ የሚያስቀንሰው እሱ ነው።

መገናኛ አካባቢ አንድ የጥገና ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያየሁት የሙቀትንና የመሙላትን ነገር በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ነበር። ሴትየዋ ላፕቶፗን ያመጣችው ባትሪ አስጨንቋት አይደለም፤ ማውዙን የምትነካበት ሰሌዳ አልጫን ብሏት ነው። ወጣቱ ባለሙያ ማሽኑን ዘግቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና በጣቱ ጫን አደረገው። እንደ ሚዛን ተወዛወዘ። «እህቴ፣ ይሄ ባትሪ አብጧል» አላት። «ኧረ በናትህ! ከቤት ወጥቶ አያውቅም እኮ» አለችው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ የሥር ክዳኑን ሲያነሣው፣ ጥቁሮቹ ሴሎች ከጠፍጣፋነት ወጥተው፣ አንዱ እንደ ትራስ ተነፍቶ ሰሌዳውን ከሥር እየገፋው ነበር። ፋኑ ላይ ያለው አቧራ ደግሞ ጨርቅ መስሏል። ባለሙያው ሶኬቱን ከቦርዱ ነቀለ፣ ባትሪውን በፕላስቲክ ካርድ ጥጋ ጥጉን እያስለቀቀ አወጣው፤ ጠመንጃ መፍቻውን ወደዚያ አላስጠጋም። ልምድ ያለው መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው። ያበጠ ባትሪ የያዘው ጋዝ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የፈሳሹ መፈራረስ ውጤት ነው፤ በስለት ከተወጋ ሊነድ ይችላል። ቤትዎ ውስጥ ክዳኑ አልገጥም ያለ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚወዛወዝ፣ ሰሌዳው ያበጠ ላፕቶፕ ካዩ ያጥፉት፣ ከሶኬት ይንቀሉት፣ ዳግመኛ አይሙሉት፤ ጋዙን ለማስወጣት የሚበሳ ጎረቤት ቢመጣም እሺ አይበሉ።

መተኪያ ባትሪ ፍለጋ ራሱን የቻለ ውጣ ውረድ ነው። ሱቁ «ኦርጅናል» እና «ኮፒ» ይለዋል፤ ኮፒው ላይ የተጻፈው አቅም ብዙ ጊዜ ምኞት ነው፣ ሪፖርቱን አውጥቶ ማየት እዚህም ይሠራል። ለዓመታት ዕቃ ቤት የተቀመጠ ኦርጅናልም ቢሆን ሳይሠራ ማርጀቱን አሁን እናውቃለን። ስለዚህ ብዙ ሰው ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ይነግራል። ዘመድ ደግሞ የአደራ ዕቃውን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ አጭቆ ያስጭናል፤ ባትሪ ግን እንዲህ አይሆንም። የአየር መንገዶች ደንብ ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዲሄድ አይፈቅድም፤ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ፣ ጫፎቹ እንዳይነካኩ ተሸፍኖ ነው የሚገባው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል፣ ከዚያ እስከ 160 ድረስ ያለው አየር መንገዱን መጠየቅ ይፈልጋል። የላፕቶፕ ባትሪ ሁሉ ለማለት ይቻላል ከ100 በታች ነው፤ አምራቾቹ ትልልቆቹን ማሽኖች 99 ላይ የሚያቆሙትም ይህን ደንብ አስበው ነው። ለሚያመጣልዎ ሰው ይህን አስቀድመው ይንገሩት፤ አለበለዚያ ባትሪው ፍተሻ ላይ ይቀራል።

ላፕቶፑን ለወራት ትቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ግማሽ ሞልቶ፣ ጨርሶ አጥፍቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጠው። አፕል ከስድስት ወር በላይ ለሚቀመጥ ማሽን በየስድስት ወሩ 50 በመቶ እንዲሞላ ይመክራል፤ ለሌሎቹም ያው ይሠራል። ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ በራሱ እየወረደ ከመጨረሻው ወለል በታች ይገባና፣ መቆጣጠሪያው ለደኅንነት ሲል መሙላትን እምቢ ይላል። ሰው «ሞተ» የሚለው ይህን ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው።

አዲስ ባትሪ ሲገጠም ሻጩ «መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ አድርጊው» ማለቱ አይቀርም። ይህም የኒኬሉ ዘመን ቃል ነው። ለብቻቸው በጭነት አውሮፕላን የሚላኩ የሊቲየም-አዮን ባትሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ30 በመቶ በላይ ተሞልተው እንዳይጫኑ ስለተወሰነ፣ አዲሱ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ጎደሎ ሆኖ ይደርሳል፤ ይህ የጉድለት ምልክት አይደለም። ቆጣሪው እንዲያውቀው አንድ ጊዜ 100 ድረስ ይሙሉት፣ በሥራ ያውርዱት፣ ከዚያ ያንኑ ቀን ማታ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው 80 ይበሉት።